ኪራይ የሚያዘገይ ተከራይ፦ መታገስ፣ ቀን ማዛወር፣ መቅጣት ወይስ ማስለቀቅ?

አክስቴ ጀሞ የሚገኘውን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ቤታቸውን ሲያከራዩ ተከራዩ ዕቃውን ያስገባው በወሩ 15ኛ ቀን ስለነበር የኪራዩ መክፈያ ቀንም በውሉ ላይ 15 ሆኖ ሰፈረ። ቀኑን አስቦበት የመረጠ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የገባባቸውን ቀናት አክስቴ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ እየመዘገቡ አቆዩ፦ ጥቅምት 22፣ ኅዳር 23፣ ታኅሣሥ 23፣ ጥር 24፣ የካቲት 22። ከቀኖቹ ጎን ተከራዩ በስልክ የላካቸው መልእክቶች ተገልብጠዋል፤ አብዛኞቹም «እትዬ፣ ደመወዝ ገና አልገባም፣ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ» የሚሉ ናቸው። አክስቴ ነገሩን እንደ ንቀት ቆጥረውት ቤቱን አስለቅቀው ለሌላ ሰው ለመስጠት ደላላ ማነጋገር ጀምረው ነበር።

ደብተሩን ሳገላብጠው ግን ቀኖቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ወር ካለቀ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የዋሉ ሆነው አገኘኋቸው። ተከራዩ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን፣ ደመወዙ የሚገባለት በፈረንጆች አቆጣጠር የወር መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 20 ጀምሮ ቀስ እያለ እየራቀ በነሐሴ 25 ላይ ይደርሳል፤ በየትኛውም ወር ግን 15ን አይነካም። ስለዚህ ልጁ ኪራዩን በ15 ለመክፈል ከፈለገ ገንዘቡን ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይነካ ማቆየት ይኖርበታል፤ የወር ደመወዝተኛ ደግሞ ይህን ማድረግ እንዴት እንደሚከብደው ራሱ ደመወዝተኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ያነሣሁት አከራዮች ተከራይ በሚያዘገይበት ጊዜ ያሏቸውን አማራጮች ከማወዳደራቸው በፊት የመዘግየቱን ምክንያት መለየት እንዳለባቸው ለማሳየት ነው። እኔ እንዳየሁት ብዙው ጠብ የሚነሣው ለአንድ ዓይነት መዘግየት የሚሆነው መፍትሔ ለሌላው ሲውል ነው።

የመዘግየቱ ዓይነት

የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው ነው፤ ሁልጊዜ ይዘገያል፣ ነገር ግን የሚዘገየው በተቀራራቢ ቀን ነው፣ ሲከፍልም ሙሉውን ይከፍላል። ሁለተኛው ገቢው ራሱ ያልተስተካከለ ተከራይ ነው። የሜትር ታክሲ ሹፌር፣ በመርካቶ በትንሽ ካፒታል የሚነግድ ሰው፣ በኮንትራት የሚሠራ አናጺ ወይም ቀለም ቀቢ ገንዘብ የሚያገኙት በቀንና በሳምንት እንጂ በወር አይደለም። በእጃቸው የሚያልፈው ገንዘብ ከኪራዩ የበለጠ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቀን ተጠራቅሞ የሚገኝበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ዕቁብ እስኪወጣለት ወይም እኅቱ ከዱባይ እስክትልክለት የሚጠብቀውንም ሰው ከዚሁ ወገን መቁጠር ይቻላል፤ ልዩነቱ የእርሱ ቀን በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ችግር ደርሶበት የወደቀ ተከራይ ነው፤ ሥራውን ያጣ፣ ታምሞ የተኛ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ሐዘን የገባበት። እርሱ ቀድሞ በጊዜው ይከፍል እንደነበረ መዝገቡ ይመሰክርለታል። አራተኛው ደግሞ እየቻለ የማይከፍለው ነው። ይህን ሰው ለይቶ ለማወቅ የሚያሳየውን የኑሮ ደረጃ መቁጠር አያስፈልግም፤ የገባው ቃል በየጊዜው ሲለዋወጥ፣ ስልኩ በመክፈያው ሰሞን ብቻ ሲዘጋ፣ ግማሹን ከፍሎ የቀረውን ሳይጠቅስ ወደሚቀጥለው ወር ሲሻገር ማየት ይበቃል።

ዓይነቱን ለመለየት የሦስት ወይም የአራት ወር ተከታታይ መዝገብ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ በመሆኑ ይህ መዝገብ አሁን በአብዛኛው በራሱ ይሠራል፤ የባንኩን መግለጫ ወይም የቴሌብርን የዝውውር ታሪክ ማውጣት በቂ ነው። የሚጎድለው ነገር ክፍያው የየትኛው ወር እንደሆነ ነው። ተከራዩ ገንዘቡን ሲልክ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የኅዳር ኪራይ» ብሎ እንዲጽፍ ከመጀመሪያው ማስለመድ ኋላ ሊነሣ የሚችለውን ክርክር ያስቀራል። አለበለዚያ በጥር የገባው ገንዘብ የታኅሣሥ ነው ወይስ የጥር በሚለው ላይ ሁለቱም ወገኖች በቅንነት ሊለያዩ ይችላሉ።

የመታገስ ዋጋ

አከራዮች ስለ መታገስ ሲናገሩ እንደ ምጽዋት ያዩታል፤ በብር ሲሰላ ግን ከሚያስቡት ያነሰ ሆኖ ይገኛል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1751 ሕጋዊውን ወለድ በዓመት 9 በመቶ አድርጎታል። ወርኃዊ ኪራዩ 15,000 ብር የሆነ ቤት ክፍያው 10 ቀን ቢዘገይ በዚህ መጠን የሚታሰበው ወለድ 37 ብር ገደማ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ 10 ቀን ቢዘገይ ደግሞ 444 ብር ያህል ይሆናል። በአንጻሩ ተከራዩን አስወጥቶ ቤቱ ለአንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 15,000 ብር ይታጣል፤ በዚያ ላይ የደላላው ኮሚሽን፣ የቀለሙ፣ የተሰበረው ቁልፍና የቧንቧው ጥገና አለ። በገንዘብ ብቻ ከታየ እንግዲህ ሁልጊዜ ዘግይቶ ሁልጊዜ ሙሉውን የሚከፍል ተከራይ ከባዶ ቤት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ይህ ስሌት ግን ለሁሉም አከራይ አንድ አይደለም። በኪራዩ ገንዘብ የኮንዶሚኒየሙን የባንክ ዕዳ በየወሩ የሚከፍል፣ ወይም ከኪራዩ ሌላ ገቢ የሌለው ጡረተኛ፣ የ10 ቀን መዘግየት የሚያመጣበት ጉዳት በ37 ብር አይለካም። እንዲህ ያለው አከራይ የራሱን የመክፈያ ቀን ከተከራዩ ቀን ቢያንስ በአምስት ቀን ማራቅ ቢችል መልካም ነው።

መታገስ ሌላም ዋጋ አለው። ለወራት ያለ አንድ ቃል በ23 ሲቀበሉ የኖሩትን ገንዘብ አንድ ቀን ተነሥቶ «ለምን በ15 አልከፈልክም» ማለት ለተከራዩም ለዳኛም እንግዳ ነው፤ ዝምታው ራሱ እንደ አዲስ ስምምነት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መታገስን የሚመርጥ አከራይ ቢያንስ «በዚህ ወር ዘግይቶ መከፈሉን የተቀበልሁት ውሉን ለመለወጥ አይደለም» የሚል አጭር መልእክት መላክ ይኖርበታል። ይህ በተለይ ሦስተኛውን ዓይነት፣ ማለትም ችግር የደረሰበትን ተከራይ፣ ለረዱ አከራዮች አስፈላጊ ነው፤ እርዳታው እስከ መቼ እንደሆነ ካልተነገረ ማብቂያውን ለመናገር የሚያሳፍርበት ቀን ይመጣል።

ቀን ማዛወርና ክፍያን መከፋፈል

ለመጀመሪያው ዓይነት መዘግየት የሚሻለው መፍትሔ ይህ ነው፤ ከሁሉም የረከሰውም እርሱ ነው። ሆኖም አከራዮች ሲጠቀሙበት ብዙም አላየሁም፤ ምናልባት ቀን መቀየር መሸነፍ ስለሚመስላቸው ይሆናል። በእውነቱ አከራዩ የሚያጣው ነገር ቢኖር ድሮም በወረቀት ላይ እንጂ በእጁ ያልነበረ ቀን ነው፤ በምትኩ የሚያገኘው ደግሞ ተከራዩ ያለ ሰበብ ሊያከብረው የሚችለውን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መዘግየት ምክንያት የለውም፤ ተከራዩም ይህን ያውቃል።

ሲዛወር ግን ጥንቃቄ የሚጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሚዛወረው የመክፈያው ቀን ብቻ ነው ወይስ የኪራዩ ወር ጭምር የሚለው ነው። የአክስቴ ተከራይ ወሩ ከ15 እስከ 14 ሆኖ እንዲቀጥል፣ ክፍያው ግን በ25 እንዲሆን ተስማምቷል፤ ይህ በግልጽ ባይጻፍ ኖሮ ቤቱን በሚለቅበት ጊዜ በመካከል ያሉት 10 ቀናት የማን ናቸው የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም ነበር። ሁለተኛው ለውጡ በጽሑፍ መሆኑ ነው። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥ ቀርቦ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ የተመዘገበውን ውል በቃል መለወጥ ለሁለቱም ወገኖች መተማመኛ አይሆንም። ሁለቱ የፈረሙበት የአንድ ገጽ ማሻሻያ ተዘጋጅቶ ውሉ ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ቢቀርብ ነገሩ ያልቃል። በዚሁ አጋጣሚ የጳጉሜን ነገርም አብሮ ማንሣት ይጠቅማል፤ በተለምዶ ለእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ለብቻ ኪራይ አይጠየቅም፣ ነገር ግን በውሉ ላይ ባለመጻፉ ብቻ በየዓመቱ ሲያነታርክ አይቻለሁ።

ገቢው ላልተስተካከለ ተከራይ ቀን ማዛወር ብዙ አይረዳውም፤ ለእርሱ የሚበጀው መከፋፈል ነው። በወር 12,000 ብር በአንድ ቀን ማምጣት የሚያቅተው ሹፌር በየሳምንቱ ሰኞ 3,000 ብር በቴሌብር መላክ አያቅተው ይሆናል። አከራዩ የአራት ጊዜ ክትትል ይጨመርበታል፤ በምትኩ ግን ችግር መምጣቱን የሚያውቀው ወሩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ሰኞ ነው። ዕቁብ ለሚጠብቅ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ዝግጅት አልመክርም፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ኪራዩን ከዕቁቡ ጋር ማሰር አከራዩን ሳያስበው የዕቁቡ አባል ማድረግ ነው።

ቅጣት እና ዋስ

በውል ላይ የቅጣት ገንዘብ ማስቀመጥ በሕግ የታወቀ ነገር ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ ይደነግገዋል። አከራዩ ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት ሳይጠበቅበት የተስማሙበትን መጠን ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቅጣት ከወለድ የበለጠ ጉልበት አለው፤ 37 ብር ማንንም አያስቸኩልም፣ በቀን 200 ብር ግን ያስቸኩላል።

ይሁን እንጂ ቅጣት የሚሠራው መክፈል ለሚችል፣ ግን ለማይቸኩል ሰው ነው። ደመወዙ በ22 ለሚገባ ሰው በ15 ላይ የተጣለ ቅጣት በየወሩ የሚከፈል ተጨማሪ ኪራይ ይሆናል እንጂ ቀኑን አያስተካክልም። ችግር የደረሰበትን ሰው ደግሞ ከጉድጓዱ ወደ ባሰ ጉድጓድ ይከተዋል፤ ዋናውን ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው ቅጣቱን ከየት ያመጣል? የኪራይ ጭማሪ በአዋጁ ቁጥጥር ሥር ባለበት በዚህ ጊዜ በየወሩ የማይቀር ቅጣት እንደ ስውር ጭማሪ እንዳይታይም መጠንቀቅ ይገባል። ቅጣት ለማስገባት የሚፈልግ አከራይ ከመክፈያው ቀን በኋላ የአምስት ቀን እፎይታ ሰጥቶ፣ መጠኑንም መጠነኛ አድርጎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውሉ መጀመሪያ ላይ እንጂ ጠብ ከተነሣ በኋላ ባይሆን ይመረጣል።

ብዙ አከራይ መተማመኛ የሚያደርገው የቅድሚያ ክፍያን ነበር፤ ቀድሞ የስድስት ወር፣ አልፎም የዓመት ይጠየቅ ነበር። አዋጁ ይህን ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለገደበው አሁን ትኩረቱ ወደ ዋስ ዞሯል። ዋስ በተለይ ለሁለተኛው ዓይነት ተከራይ ጥሩ ነው፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ከኋላ መኖሩ ሁለቱንም ያረጋጋል። እዚህ ላይ አከራዮች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። «ለሚመጣው ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በዋስትናው ውል ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ «እስከ 45,000 ብር ድረስ» ተብሎ በአኃዝም በፊደልም መጻፍ፣ ዋሱና ሁለት ምስክሮችም መፈረም አለባቸው።

ማስጠንቀቂያ ወይስ ሽማግሌ

እነዚህ ሁለቱ እንደ ተቃራኒ ሲታዩ እሰማለሁ፤ ማስጠንቀቂያ የጸበኛ፣ ሽማግሌ የጨዋ ተደርጎ ይታሰባል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት አንድ ተዋዋይ ሌላው ወገን ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ መብቱን ከመጠየቁ በፊት እንዲፈጽም ሊያስጠነቅቀው ይገባል። ወለዱ መታሰብ የሚጀምረውም ከዚሁ በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያው ማስፈራሪያ መሆን አያስፈልገውም፤ የትኛው ወር እንዳልተከፈለ፣ ስንት ብር እንደቀረ፣ እስከ መቼ እንዲከፈል እንደሚጠበቅ፣ ካልተከፈለ አከራዩ ምን ለማድረግ እንዳሰበ በአራት ዓረፍተ ነገር ተጽፎ፣ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ አንደኛው ላይ ተከራዩ እንዲፈርም ይደረጋል። አልፈርምም ካለ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ሰጥቶ ስማቸውንና ቀኑን ጀርባው ላይ ማስፈር ይጠቅማል።

ሽማግሌ የሚያስፈልገው በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ነው። በኮንዶሚኒየም ያለ ተከራይና ሌላ ሰፈር የሚኖር አከራይ የሚገናኙት በስልክ ነው፤ ቢኳረፉም ችግር የለም። በሰርቪስ ቤት የሚኖር ተከራይ ግን ከአከራዩ ጋር አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንዳንዴም አንድ የመብራት ቆጣሪ ይጋራል፤ እዚያ ወረቀት ብቻውን ከሄደ በማግሥቱ ውኃ መቅጃው ላይ የሚኖረው ዝምታ ከኪራዩ የከበደ ይሆናል። እንዲህ ባለው ቦታ ሁለቱም የሚያከብሯቸውን ሁለት ሰዎች አስቀምጦ መነጋገርና የተስማሙበትን በጽሑፍ አስፍሮ መፈራረም ይሻላል፤ በእርቅ የተገባ ቃል ካልተጻፈ ለሚቀጥለው ጠብ መነሻ ይሆናል።

ማስለቀቅ

አራተኛው ዓይነት ተከራይ ማስጠንቀቂያውንም ሽማግሌውንም ካለፈ የሚቀረው መለያየት ነው። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ቢደነግግም፣ ኪራይን በጊዜው አለመክፈል ከዚያ በፊት ውሉን ለማቋረጥ ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። በስምምነት መለያየትና ፍርድ ቤት መሄድ እዚህ ላይ ይነጻጸራሉ፤ እኔ መጀመሪያውን አስቀድማለሁ። የአንድ ወር ውዝፍ ትቶለት በተወሰነ ቀን ቁልፉን መቀበል ለብዙ አከራይ መራራ ነው፤ ነገር ግን ክርክሩ፣ ውሳኔውና አፈጻጸሙ እስኪያልቅ ቤቱ ውስጥ የሚቀመጠው ያው የማይከፍለው ተከራይ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። የተተወው ዕዳ፣ የሚለቅበት ቀን፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ እስከ የት እንደተከፈለ፣ ከቅድሚያው ገንዘብ የሚመለስ ካለ መጠኑ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

ፍርድ ቤት የሚሄድ አከራይ የሚቀርበው በተመዘገበው ውል፣ በባንኩ መግለጫና በማስጠንቀቂያው ቅጂ ነው። በውሉ ላይ ግብር ለማሳነስ ሲባል ከእውነተኛው ያነሰ ኪራይ ያስጻፈ ሰው እዚህ ላይ ይቆጨዋል፤ 18,000 ብር እየተቀበለ 8,000 ብር ያስመዘገበ አከራይ ውዝፉን በየትኛው ልክ ሊጠይቅ ነው?

ከአማራጮቹ ውጭ መሆን ያለበት መቆለፍ፣ መብራትና ውኃ መቁረጥ፣ ዕቃ አውጥቶ ደጅ ማስቀመጥ ነው። ተከራዩ ዕዳ ቢኖርበትም ቤቱን በእጁ ይዟል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ አከራዩን ሊከስ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ገንዘብ ሊጠይቅ የነበረው ሰው ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል፤ የዕዳው ነገር ደግሞ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

አክስቴ ደላላውን ትተው የመክፈያውን ቀን ወደ 25 አዛወሩ። በደብተሩ ላይ ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ይላል፦ መጋቢት 24፣ ሚያዝያ 24፣ ግንቦት 25፣ ሰኔ 24፣ ሐምሌ 25፣ ነሐሴ 27። የመጨረሻዋን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ከበው አሳዩኝ። የፈረንጆቹ ወር በነሐሴ የሚያልቀው ልክ በ25 መሆኑን በካላንደር ላይ ሳሳያቸው ጥቂት አሰቡና ለነሐሴ ብቻ ሁለት ቀን ጨመሩለት፤ ማሻሻያው ላይም በእጃቸው ጽፈው ሁለቱም ፈረሙበት።